የዝምታ አፈሙዝ

ብሎክ አሥራ ሰባት ውስጥ የሚኖር ሰው ሲያስነጥሰው ትራሱን ይፈልጋል። ትራሷ ከመዳፍ አትበልጥም፤ በክር ተንጠልጥላ አንገት ላይ ትውላለች። የምሰፋት እኔ ነኝ። የሱፍ ጫማውንም የምሰፋው እኔው ነኝ፤ ሶሉ ሦስት ድርብ ነው፣ በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ስለዚህ ማን እግሩን እየጎተተ እንደሚሄድ፣ ማን ተረከዙን እንደማያሳርፍ፣ ማን ጎረቤት በር ላይ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ከእኔ አይሰወርም። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የሰው ነገር ግን ከጫማው ሥር ይነበባል።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከአዳራሹ በላይ። አዳራሹ የታችኞቹን ሁለት ፎቆች ይይዛል፤ እኛ ከሦስተኛው እስከ ዘጠነኛው ነን። ድሮ የከተማው ብርድ ለማሽን ይስማማል ተባለና አዳራሾቹ መጡ። ቀጥሎ ደግሞ ማሽኖቹ የሚተነፍሱት ሙቀት ሜዳ ላይ ከሚበተን ሰው ይሙቀው ተባለና ቤቶቹ በላያቸው ተሠሩ። ውሉ አጭር ነው። እነሱ ሙቀት ይሰጡናል፤ እኛ ዝምታ እንሰጣቸዋለን። ሙቀቱ በቱቦ አድርጎ በየወጥ ቤታችን ግድግዳ ይወጣል፤ ሐምሌ ላይ እንኳ በአንድ ነጠላ ነው የምንውለው።

እታች ያሉት ዲስኮች ሌት ተቀን ይሽከረከራሉ። የልደት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የሐኪም ቤት ፋይል፣ የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም እነሱ ላይ ነው። ኃይለኛ ድምፅ ሲመታቸው ይንቀጠቀጡና የያዙትን ይጥላሉ። በሁለት ሺህ ሰባ አራት ዓ.ም. የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ለሙከራ ተለቀቀ። እሳት አልነበረም። ጋዙ ከአፈሙዙ ሲወጣ የጮኸው ጩኸት ግን የሁለት ወረዳ ሰው መዝገብ አጠፋ። አክስቴ ከእነዚያ አንዷ ናት፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እስካሁን በወረቀት አልተወለደችም። እንዲያውም ለሞቷ እንደማትቸኩል ትናገራለች፤ መጀመሪያ ልወለድ ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንነው። ሙቀጫ የለም። አውራ ዶሮ የለም። ሠርግ ላይ ሴቶቹ ምላሳቸውን ያርገበግባሉ፤ እልልታው ይታያል እንጂ አይሰማም። ለቅሶ ላይ ፊታችንን በትራሳችን እንሸፍናለን። ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ጩኸት ሜዳ ይወሰዳሉ፤ ለአንድ ልጅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተፈቅዷል። በር አይንኳኳም፤ መዳፍ ሲነካው ውስጥ መብራት ይበራል። ባለቤቱ ካልከፈተ ተመልሶ መሄድ ነው። ደግሞ መንካት ነውር ነው። በእኛ ብሎክ ዝም ያለ ሰው ደህና ሰው ነው።

ጋሽ ያቤጽ በር ለበር ጎረቤቴ ነበሩ። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። በጎልማሳነታቸው የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ፤ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን እየዞሩ የሟች ስም የሚጠሩ። ከሁሉም ቀድሞ፣ ገና ከሰባ አራቱ በፊት ጡሩምባው ሲከለከልና እድሩ የሞት ካርድ በበር ሥር መወርወር ሲጀምር ሥራ ፈቱ። አዳራሹ ወሰዳቸው። አፈሙዝ ጠራጊ አደረጋቸው።

አፈሙዝ የምንለው ጋዙ የሚወጣበትን የቱቦ አፍ ነው። ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት አፈሙዞች ወደ ታች ተደፍተዋል። አቧራ ከያዛቸው በእሳት ቀን አይከፈቱም፤ ስለዚህ አንድ ሰው በየቀኑ መሰላል ይዞ ይጠርጋቸዋል። ጋዙ እሳቱን የሚገድለው አየሩን አስወጥቶ ቦታውን በመያዝ ነው። እሳትን ከሰው አይለይም።

በሰባ አራቱ ቀን ጋሽ ያቤጽ ውስጥ ነበሩ። ግራ ጆሯቸው ያን ቀን ቀረ። እግራቸው ግን አወጣቸው።

«ጩኸቱ ጆሮዬን ወስዶ ነፍሴን መለሰልኝ» ይሉ ነበር። «ሌባ ቢሆንም ጨዋ ሌባ ነው።»

ባለፈው ጥቅምት አዲሶቹ አፈሙዞች መጡ። ጫፋቸው እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ፣ ውስጣቸው በብረት ጥጥ የተጠቀጠቀ ነው። አንድ መሐንዲስ ግቢው ውስጥ ሊያሳየን ሰበሰበን። ከአምስተኛ ፎቅ አንዲት እናት የተኛ ሕፃኗን ይዛ እንድትቀርብ ጠየቀና አፈሙዙን ከሕፃኑ ራስ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀምጦ ንጹሕ አየር ለቀቀበት። ፍፍፍ አለ። ሰው ትኩስ ሻይ ሲያቀዘቅዝ የሚያሰማው ያህል ነው። የሕፃኑ ጸጉር ወደ ኋላ ተኛ፤ ሕፃኑ ግን አልነቃም። ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ አንስተን አወዛወዝን። የእኛ ጭብጨባ ይኸው ነው።

ጋሽ ያቤጽ አላወዛወዙም። ቀኝ ጆሯቸውን ወደ መሐንዲሱ አዙረው፣

«እኔንስ ምን ይቀሰቅሰኛል?» አሉት።

«ቀይ መብራት አለ፣ አባት።»

«መብራቱ በሩ ላይ ነው። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ፊቴ ወደ ጣሪያ ነው።»

«አልፎ አልፎ ዘወር ይላሉ።»

«በስንት ስንት ጊዜ?»

መሐንዲሱ ትንሽ አሰበ። «በደንብ ካሰቡበት፣ ሁልጊዜ» አለ።

ጋሽ ያቤጽ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። ከሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ አንዱ፣ መውጫው በር አጠገብ ያለው፣ አሮጌው ይሁን። ጋዙ ሲለቀቅ እሱ ይጩህ፤ እሳቸው ይውጡ። አዳራሹ፣ ነዋሪው ከተስማማ ግድ የለኝም አለ። ነዋሪው የሚለው በብሎክ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ጫማ ሰፊ ይኑርበት ተብሎ ነው የተመረጥኩት።

ስብሰባችን አይናገርም። ሊቀ መንበሩ አቶ ባሮክ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። የተስማማ እጁን ያነሣል፤ የተቃወመ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ያን ቀን አቶ ባሮክ፣ «አንድ አሮጌ አፈሙዝ ይቅር? ከጮኸ ዲስክ ሊጠፋ ይችላል። ዲስክ ከጠፋ ሙቀቱ ይቋረጣል» ብለው ጻፉ። ሦስት እጅ ተነሣ። ሦስት እጅ ጉልበት ላይ ዋለ። የእኔ እጅ ቀደም ብሎ ጉልበቴ ላይ ነበር። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሳሸው ነው። አቶ ባሮክ ቆጠሩና አራት ብለው ጻፉ። እንዳልተቃወምኩ ለመናገር መናገር ነበረብኝ። ደግሞም ሙቀቱ ለጉልበቴ ይስማማዋል። ሰሌዳው ተጠረገ።

በማግሥቱ ጋሽ ያቤጽ የበሬን መብራት አበሩ።

«አራት ለሦስት ነው አሉ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ነው።»

«አራተኛው ማን ይሆን?»

«ጉልበት ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ያልገባቸው መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን የገባቸው ይመስለኛል። ከኪሳቸው የተጠቀለለ የናይለን ገመድ አወጡ።

«አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር» አሉ። «ወገቡን አስሮ ይገባል፤ አፉ ላይ አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ይቆማል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ። የሙቀት ቱቦሽ ደግሞ ቀጥታ አዳራሹ ውስጥ ነው የሚወርደው። በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ እስባለሁ፤ ሦስት ጊዜ ትመልሽልኛለሽ። ካልሳብኩ ለዘበኛው ደወይ።»

«ልክ እንደ ፋሲካ በግ አስሬዎት ልዋል?»

«በግ ከሆንኩማ ለምለም ቦታ ነው የምትፈቺኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ቁርስ በልተው ይወርዳሉ፤ ገመዱን በቱቦው እለቅላቸዋለሁ፤ ወገባቸው ላይ ያስሩታል። እኔ ጫፉን ከወጥ ቤት መደርደሪያ እግር ጋር አስሬ ሶሌን እቆርጣለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ገመዱ ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል። እመልሳለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳላስበው በእጄ መመለስ ለመድኩ፤ ዝንብ እንደማባረር ያለ ነገር ሆነ።

ጋሽ ያቤጽ ጨዋታ ይወዳሉ። አንድ ቀን ስመልስላቸው ገመዱን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ሳብኩ፤ ሳቡ። ጓንት አድርጌ ሳብኩ። በመጨረሻ ድንገት ሲለቁት በመቀመጫዬ ወደቅኩ፤ ደግነቱ የወደቅኩት ሱፍ ክምር ላይ ነው። ማታ ሲመለሱ፣

«ሶልያና፣ እጅሽ መርፌ ነው የሚስበው» አሉኝ።

«እርስዎም በሬ መሆንዎን ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ሁለቴ እንዲህ ያደርጉ ነበር። አንዳንዴ እኔ እሸነፋለሁ፤ አንዳንዴ እንዳሸነፍኩ እንዲመስለኝ ይተዉኛል። በብሎካችን ውስጥ ሁለት ሰው እንዲህ ሲጫወት ማንም አይሰማም። ለዚህም ነው ያልተከለከለው።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ገመዱ አልተንቀሳቀሰም። የስምንተኛ ፎቅን ሶል እየቆረጥኩ ነበር። ሰው ይዘገያል ብዬ መስመሩን ጨረስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ገመዱን ሳብኩ። ገመዱ ግን ተወጥሮ ቆሟል።

«ደግሞ ጀመሩ» አልኩ።

በሁለት እጄ ሳብኩ። ግድግዳውን በእግሬ ረግጬ ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም። እንዲህ አጥብቀው ይዘው አያውቁም፤ ዛሬስ በልተው ነው የወረዱት አልኩ። ትንሽ ላቤ መጣ። ከዚያ ለቀቅኩላቸውና ያሸንፉ ብዬ ወደ መቀሴ ተመለስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ የቀዘቀዘ መሰለኝ። ሹራብ ደረብኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ደግሜ ሳብኩ። አሁንም ተወጥሯል። የዘበኛው ስልክ ከመደርደሪያው በላይ ነው፣ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። አየሁት። ከያዙት አሉ ማለት ነው አልኩ። ደግሞ ደጋግሞ መንካት ነውር ነው። ሽሮ ጥጄ የእሳቸውን ድርሻ ከደንኩ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ የበሬ መብራት በራ። ሲመጡ አልሰማሁም፤ እግራቸው ላይ ያለው እኔው የሰፋሁት ጫማ ነው። ሁለት የአዳራሹ ሰዎች ናቸው፣ ጭንብላቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል። አንደኛው አጎንብሶ ጫማዬን ሲያይ ቆየና፣

«ገመዱን የሚይዙት እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ነኝ።»

«ይፍቱት። እኛ ከታች ቆርጠነዋል።»

ነገሩን በኋላ ነው ያስረዱኝ። ጋዙ ሲለቀቅ ወደ እኛ እንዳይወጣ የሙቀት ቱቦዎቹ ክዳን በራሱ ይዘጋል። የብረት ክዳን ነው። ገመዱን ነክሶ ይዞታል። እኔ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስታገል የነበረው ከክዳኑ ጋር ነው።

«እሳቸውስ?» አልኩ።

«ከመሰላሉ ወርደዋል» አለ ሰውየው። «ከበሩ አሥር እርምጃ ያህል ይቀራቸዋል። ገመዱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነው ያገኘናቸው።»

ከወዲያ በኩል እሳቸውም ሲስቡ ነበር። ክዳኑ መካከላችን ነው።

ሪፖርቱ በሦስት ሳምንት ወጥቶ ደረጃው ግርጌ ተለጠፈ። አንብቤዋለሁ፤ ረጅም አይደለም። እሳት አልነበረም። ጭስ ጠቋሚው በሠራተኛው ጫማ ላይ የነበረ የሱፍ ብናኝ ጭስ መስሎት ነው። የማን ስፌት እንደሆነ አይጠቅስም። አዲሶቹ አፈሙዞች ሁሉም በአንድ ጊዜ ተከፍተዋል፤ የተሰማው ድምፅ ከሰው ሹክሹክታ በታች ነው። የተጎዳ ዲስክ፣ ምንም። የጠፋ መዝገብ፣ ምንም። ብሎክ አሥራ ሰባት ላሳየው እርጋታ ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ እንዲጨመርለት ተወስኗል።

አሁን ቤታችን በጣም ይሞቃል። ሰዎች መስኮት መክፈት ይፈልጋሉ፤ የውጭ ድምፅ ስለሚገባ አይቻልም።

የእድሩ ካርድ በበሬ ሥር ገባ። ስማቸው በደማቁ ተጽፏል። የጠሩትን ሰው ብዛት አስቤ ነበር፤ እነዚያን ሁሉ ስሞች፣ በዚያ ሁሉ ሳንባ። ለለቅሶው አርባ ትራስ ጨምሬ ሰፋሁ። አቶ ባሮክ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ወረቀት ላይ፣ «ጥሩ ጎረቤት ነበሩ» ብለው ጽፈው አሳዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እጄ የት እንዳለ አየሁ፤ ጉልበቴ ላይ ነበር። አነሣሁት። ምን ፈለግሽ እንደማለት አዩኝ። መልሼ አወረድኩት።

በሚያዝያ አዲስ አፈሙዝ ጠራጊ ተቀጠረች። ሐሴት ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣች ናት። ለጫማ ልኬት ቤቴ ገባች። እግሯ ሰፊ ነው፣ ብዙ ያለ ጫማ የተራመደ። አዲሱን ሶል ከሱፍ አልሠራም፤ ብናኝ ከሌለው ላስቲክ ነው። እሱም ተፈቅዷል። ሌላም የተሻሻለ ነገር አለ። የቱቦው ክዳን ጥግ ላይ የገመድ ማለፊያ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ ገመዱ ከእንግዲህ አይነከስም። ገመዱን ሰው መያዙ ደግሞ ደንብ ሆኗል፣ ቅጽ አለው። እኔ ፈርሜያለሁ።

ሐሴት ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችና ፈታችው።

«እትዬ ሶልያና፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ነው አይደል?»

«በየአምስት ደቂቃው ነው።»

«ሥራ አያስፈታንም?»

«ያስፈታን።»

«ጨዋታ ትወዳለች ብለውኛል ስለ እርስዎ።»

«ትቻለሁ። ገመዱን ይዘሽ አትቀልጂብኝ።»

ሁለታችንም ዝም ስንል ክፍሉ ደህና መሰለ፤ እንደዚያ ነው የሚመስለው።

«ካልመለስኩስ?» አለች። «ዘበኛው እስኪያነሣ፣ ጭንብሉን እስኪፈልግ…»

«በቱቦው እጮሃለሁ፤ ክዳኑ ቢዘጋም የገመዱ ቀዳዳ አለ። ጩኸቴ ከደረሰሽ ወደ በሩ ትሮጫለሽ።»

«ዲስኮቹስ?»

«ዲስኮቹ ይስሙ።»

ድምፅ ያለው ሳቅ ሳቀች፤ ትራሷን ገና አልለመደችም። ከዚያ ዐይን ዐይኔን እያየች፣

«መጮህ ያውቁበታል?» አለችኝ።

ላሳያት አፌን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ አይቻልም እንጂ ቢያንስ አከፋፈቱን ላሳያት ነው። አፌ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ነገር ምን እንደነበር ጠፋኝ። ከጮኽኩ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እሷም ነገሩን አይታ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሜዳው ከከተማው ውጪ በአንኮበር መንገድ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ልጆቹ ወርደው በየመስመራቸው ቆሙ። ጠባቂው ጎልማሳ ነው፣ ጆሮው በጥጥ ተወትፏል፣ ስም ዝርዝር ይዟል።

«የሚጮኸው ልጅ የታለ?» አለኝ።

«እኔው ነኝ።»

ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አየ። «ለአዋቂ የሚል የለም» አለ። «ለአዋቂ አይፈቀድም የሚልም የለም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።»

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠባቂው ስድሳ እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ጩኸቱ ከደረሰው ቀይ ጨርቅ ያነሣል። ልጆቹ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያስነሡት። እኔ መስመሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ፍፍፍ አለ። አንድ ሕፃን ከእንቅልፉ የማይነቃበት ድምፅ ነው።

ጠባቂው ትንሽ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። ጥጡን ከአንድ ጆሮው አወጣ።

«ዝም ብሎ አይወጣም» አለኝ። «ስም ይዘው ይሞክሩ። ልጆቹም እናታቸውን ነው የሚጠሩት።»

ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። እኔም የጎረቤቴን ስም ጠራሁ። ከጉሮሮዬ የሆነ ነገር ወጣ፣ የዛገ በር የመሰለ፤ አጠገቤ የነበረች ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። እሷ በሁለት እርምጃ ላይ ናት። ሐሴት ግን የምትሆነው ሁለት ፎቅ ከታች፣ መሰላል ላይ፣ ፊቷ ወደ ጣሪያ ዞሮ ነው።

ቀዩን ጨርቅ አየሁት። አልተነሣም። ሰባት ደቂቃ ይቀረኛል። ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና ጠራሁ።